ከስትሮክ በኋላ ንግግርን በቤት ማለማመድ፦ የትኛው አፕ፣ የትኛው ሰሌዳ፣ የትኛው ካርድ?

ስትሮክ ያገኘው ሰው ቤት ገብቶ እጅና እግሩ እየተሻለው አንደበቱ ግን አልፈታ ሲል፣ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያደርገው አፕ መፈለግ ነው። ውጭ አገር ያለ ልጅ «ይሄ ጥሩ ነው ብለውኛል» ብሎ ታብሌት ይልካል። ታብሌቱ ሁለት ሳምንት ይሞከርና መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ከዚያ «አባባ እምቢ አሉ» ይባላል። አባባ ግን እምቢ አላሉም፤ የተሰጣቸው መሣሪያ በማይናገሩበት ቋንቋ፣ በማያውቁት ዕቃ፣ ምናልባትም ለሌላ ዓይነት ችግር የተሠራ ነበር። እዚህ የምንመዝነው ለንግግር ልምምድ በብዛት የሚገዙትና በቤት የሚሠሩት መሣሪያዎች አማርኛ ለሚናገር ታማሚ ምን ያህል እንደሚጠቅሙ ነው። ፍርዳችንን ከወዲሁ እንናገር፦ አንደኛ የወጣው መሣሪያ ሱቅ ውስጥ የለም። ፎቶ ቤትና ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዳችሁ የምታሠሩት ነው።

ገንዘብ ከማውጣት በፊት

«ንግግሩ ጠፋ» የሚባለው ሦስት የተለያየ ነገር ሊሆን ይችላል፤ መሣሪያውም እንደዚያው ይለያያል። አንደኛው አፌዢያ ነው። የተነካው ቋንቋው ራሱ ነው፤ ቃሉ አይመጣም፣ ወይም በቦታው ሌላ ቃል ይመጣል፣ ሲጽፍም ያው ነው። ስትሮክ ካገኛቸው ሰዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ላይ ይታያል፣ አብዛኛውን ጊዜም የግራው የአንጎል ክፍል ሲጎዳ ነው። ሁለተኛው ዲስአርትሪያ ነው። ቃሉም ሰዋስዉም አለ፤ ከንፈር፣ ምላስና ጉሮሮ ስለደከሙ ግን ድምፁ ይጎላደፋል። እንዲህ ያለ ሰው ፊደል የቆጠረ ከሆነ የሚፈልገውን አስተካክሎ ይጽፋል። ሦስተኛው አፕራክሲያ ነው። ቃሉን ያውቃል፣ ጡንቻውም አልደከመም፣ ነገር ግን አንጎል ለአፍ የሚሰጠው ትእዛዝ ይዛባል። ያንኑ ቃል ሦስት ጊዜ ሲል ሦስት ዓይነት ስህተት ይወጣል፤ ከአንድ እስከ አስር ቁጠር ሲባል ግን ጥርት አድርጎ ሊቆጥር ይችላል። ሦስቱ ተደርበው የሚመጡበት ጊዜም ብዙ ነው። ስለዚህ የንግግር ቴራፒስት የሚገኝበት ቦታ ካላችሁ አንድ ጊዜ እንኳ አሳዩ፤ ለስድስት ወር የቤት ሥራ አቅጣጫ የሚሰጠው ያ አንድ ምርመራ ነው።

ከሦስቱ የትኛውም ቢሆን አእምሮው ጠፋ ማለት አይደለም። አፌዢያ ያለበት ሰው ልጆቹን ያውቃል፣ የቤቱን ወጪ ያስባል፣ ሲዋረድ ይገባዋል። አንቱ ሲባል የኖረ አባት አንቱ ይባል። እንደ ሕፃን ማባበል ከማንኛውም ስህተት በላይ አፍ ይዘጋል።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ችግሩ ቀላል ነው። መነጽሩ ሆስፒታል ቀርቷል፣ ሰው ሠራሽ ጥርሱ አልተደረገም፣ የጆሮ መርጃው ባትሪ አልቋል። በግራ አንጎል ስትሮክ ደግሞ በቀኝ በኩል ያለው የእይታ ክልል ሊጠፋ ይችላል፤ በስተቀኝ ያስቀመጣችሁትን ካርድ «አላወቀም» ስትሉ ጭራሽ አላየውም ይሆናል። ካርድም፣ ሰሌዳም፣ እናንተም ከመሀል ወደ ግራ ጠጋ በሉ። ውሃ ሲጠጣ የሚያስለው ወይም ከጠጣ በኋላ ድምፁ እርጥብ የሚሆን ሰው የመዋጥ ችግር ሊኖርበት ስለሚችል በልምምድ መሀል ውሃም ሻይም ከመስጠታችሁ በፊት ሐኪም ይየው። እየተሻለው የነበረ ንግግር ድንገት ከጠፋ ደግሞ የልምምድ ጉዳይ ስላልሆነ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው።

የእንግሊዝኛ አፖች

በዓለም ላይ ብዙ ሰው ከሚጠቀምባቸው ሁለቱ ታክተስ ቴራፒ እና ኮንስታንት ቴራፒ ናቸው። ታክተስ የካናዳ ድርጅት ነው። የቋንቋ አፑ መስማትና መረዳትን፣ መሰየምን፣ ማንበብንና መጻፍን ለየብቻ ያለማምዳል፤ አንዴ ተከፍሎ የሚያዝ ሲሆን ለሙከራ ቀለል ያለ ነፃ ቅጂም አለው። የሚሠራው በእንግሊዝኛ፣ በስፓኒሽ፣ በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ ነው። ኮንስታንት ቴራፒ ከቦስተን ዩኒቨርሲቲ ምርምር የወጣ ነው፤ በየጊዜው የሚከፈልበት ደንበኝነት ይጠይቃል፣ ሰውየው ሲሻለው ወይም ሲደክመው ልምምዱን ራሱ እያከበደና እያቀለለ ይሄዳል። ሁለቱም በሚገባ የተሠሩ መሣሪያዎች ናቸው። አማርኛ ግን የላቸውም።

እንግዲህ ማን ይግዛቸው? ዋሽንግተን ወይም ለንደን ሠላሳ ዓመት በእንግሊዝኛ የሠራ ነርስ፣ ሹፌር ወይም መምህር ይጠቀምባቸዋል፤ ሁለት ቋንቋ የሚናገር ሰው በሁለቱም መመርመርና በሁለቱም መለማመድ ይገባዋል። ልጆቿን ለማየት ከጎንደር ሄዳ እዚያው ለታመመች እናት ግን ገንዘቡ ይባክናል። ነገሩ የቃል ትርጉም ብቻ አይደለም። በሕክምናው ዓለም የታወቀው የቦስተን የስያሜ ፈተና 60 ሥዕሎች ሲኖሩት ከመካከላቸው ቢቨር የሚባለው የውሃ አውሬ፣ የበረዶ ጎጆና ፕሬትዘል የሚባለው የተጠማዘዘ ዳቦ ይገኙበታል። እነዚህን በደኅናው ቀንም አይቶ የማያውቅ ሰው መሰየም ሲያቅተው የሚመዘነው በሽታው ሳይሆን ያደገበት አገር ነው።

አንድ ትምህርት ግን ከነዚህ መሣሪያዎች መውሰድ ይቻላል። እንግሊዝ ውስጥ ቢግ ካክተስ የተባለና 278 ሰዎችን ያሳተፈ ጥናት ተካሂዶ ውጤቱ በ2019 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። ስትሮኩ ካገኛቸው ቢያንስ አራት ወር ያለፋቸው ሰዎች ስቴፕ ባይ ስቴፕ በተባለ ፕሮግራም ቤታቸው ሆነው በቀን ከ20 እስከ 30 ደቂቃ፣ ለስድስት ወር ቃል ተለማመዱ። የተለማመዱት 100 ቃል እያንዳንዱ ሰው ለራሱ የመረጠውን ነበር። የመረጧቸውን ቃላት ማውጣት ላይ ግልጽ መሻሻል ታየ፤ በተራ ጭውውት ላይ ግን ለውጥ አልታየም። ለቤት ሥራ ከዚህ የሚወጣው ሁለት ነገር ነው። ቃሉ የታማሚው የራሱ ይሁን፤ ካርድ ላይ የመጣው ቃል ደግሞ ቤት ውስጥ ሥራ ይሰጠው፣ አለበለዚያ ካርዱ ላይ ይቀራል።

በገዛ እጅ የተሠሩ ካርዶች

አሥራ ሁለት ካርድ ለመጀመሪያው ወር ይበቃል። ሰው በጉጉት አርባና ሃምሳ ያሠራል፤ ታማሚው ግን በሦስተኛው ቀን ይሰለቻል፣ አለማማጁም ይታክታል። ከአሥራ ሁለቱ አራቱ የሰው ስም ይሁኑ፦ ባለቤት፣ ልጆች፣ ቶሎ ቶሎ የሚመጣ ጎረቤት። ስም ከሁሉ ይከብዳል፣ ከሁሉ ይበልጥም ይናፈቃል። አራቱ በየቀኑ የሚፈለጉ ነገሮች፣ አራቱ ደግሞ ግስ ይሁኑ። ግስን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው። አማርኛ ግን በግስ የሚቆም ቋንቋ ነው፤ «ራበኝ»፣ «በረደኝ»፣ «ደከመኝ» እያንዳንዳቸው በአንድ ቃል ሙሉ ዓረፍተ ነገር ናቸው። የሁለት ቃል አቅም ለሌለው ሰው ይህ ትልቅ ዕድል ነው።

ፎቶው ከኢንተርኔት አይወረድ። የቤቱን ጀበና፣ የራሱን ከዘራ፣ እሱ የሚቀመጥበትን ወንበር አንሱ። ከኋላ ነጭ ጨርቅ ዘርጉ፤ ፎቶው ውስጥ ከአንዱ ነገር ሌላ ምንም አይግባ። ለስም ካርድ የአንድ ሰው ፊት ብቻ ይሁን፤ የሠርግ ፎቶ አይሆንም። ለግስ ደግሞ ድርጊቱን የሚያደርግ ሰው አንሱ፦ ሲጠጣ፣ ሲተኛ፣ ስልክ ሲደውል። 10 በ15 ሳንቲ ሜትር አሳትሙ። ላሚኔት ስታስደርጉ የማያብረቀርቀውን ጠይቁ፤ የሚያብለጨልጨው የመብራቱን ነጸብራቅ ስለሚመልስ በተለይ እይታው ለተነካ ሰው ሥዕሉን ይሰርዘዋል። ፊቱ ላይ ጽሑፍ አይኑር። በጀርባው ግን ቃሉን በትልቁ፣ ከሥሩ ደግሞ ፍንጮቹን በቅደም ተከተል ጻፉ፤ አለማማጁ ዛሬ ልጅ፣ ነገ እኅት፣ ከነገ ወዲያ ሠራተኛ ሊሆን ስለሚችል ሁሉም አንድ ዓይነት ፍንጭ ይስጥ።

የጀበናን ካርድ እንውሰድ። ካርዱን በስተግራ አቁሙና ዝም በሉ። በልባችሁ እስከ አስር ቁጠሩ። ይህ ዝምታ ለጤነኛ ሰው እጅግ ረጅም ነው፤ ለተጎዳው አንጎል ግን ቃሉን ፈልጎ የሚያገኝበት ጊዜ ነው። አብዛኛው ቤተሰብ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ በሦስተኛው ሰከንድ «ጀ... በል እንጂ ጀበና!» ይባላል፣ ቃሉን ያወጣው ልጁ ሆነ ማለት ነው። አስር ሰከንድ አልፎ ካልመጣ ሥራውን ግለጹለት፦ «ከሸክላ የተሠራ፣ ቡና የሚፈላበት»። አሁንም ካልመጣ ጎዶሎ ዓረፍተ ነገር ስጡት። ከእንግሊዝኛ መጽሐፍ የተቀዳ ዘዴ አማርኛ ላይ የሚሰበረው እዚህ ነው። በእንግሊዝኛ ስሙ መጨረሻ ላይ ስለሚወድቅ ክፍተቱን መጨረሻ ላይ መተው ቀላል ነው። በአማርኛ «ቡናው በጀበና ተፈላ» ሲባል ጀበና መሀል ይቀራል። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩን አዙሩት፦ «ቡና የሚፈላው በ...» ብላችሁ ድምፃችሁን አንጠልጥላችሁ ተዉት። ለግስ ግን የቋንቋው ሥርዓት ራሱ ያግዛችኋል፤ «ሲመሽ አልጋ ላይ...» ስትሉ «እተኛለሁ» መጨረሻ ላይ ቦታው ተዘጋጅቶለታል።

ይህም ካልሠራ የመጀመሪያውን ፊደል አሰሙት፤ «ጀ» ስትሉ አፋችሁን ያያል። ፊደላችን ተነባቢውን ከነአናባቢው ስለሚይዝ አንድ ፊደል መስጠት የቃሉን የመጀመሪያ ድምፅ ሙሉ አድርጎ መስጠት ነው። ከዚያም አብራችሁ በሉት፣ በመጨረሻ እሱ ብቻውን ይድገመው። ሲወጣለት ሌላ ወሬ አውሩና ከአንድ ደቂቃ በኋላ መልሳችሁ አሳዩት፤ ከዚያ ከሦስት ደቂቃ፣ ከዚያ ከአምስት ደቂቃ በኋላ። አንድን ቃል በአንድ ትንፋሽ ሃያ ጊዜ ከማስደገም ይህ ይሻላል፤ እየተራራቀ መፈለግ ነው ቃሉን የሚያጸናው።

ጀበናውን አይቶ «ስኒ» ቢል ጥሩ ምልክት ነው፤ ሰፈሩን አግኝቶ ቤቱን ነው የሳተው። «ልክ ነህ፣ የቡና ዕቃ ነው፤ ይሄ ግን የሚፈላበት ነው» በሉት። ጀበናን፣ ስልክን፣ ልጁንም «ጀበና» ማለት ከጀመረ ደግሞ ያለፈው ቃል አንጎሉ ላይ ተጣብቆ ነው። «አይደለም፣ አይደለም» ማለት ማጣበቂያውን ያጠነክረዋል። ካርዶቹን አንሱ፣ አንድ ደቂቃ ስለ ሌላ ነገር አውሩ፣ ከዚያ የተራራቀ ነገር አሳዩት። ለዚህ ነው ጀበናና ስኒ፣ ወንድምና እኅት ተከታትለው የማይቀርቡት። ቃል በቃል ላይ ሲያፈስ የሚውል፣ የሚለው ለሌላ ሰው የማይገባ፣ እሱ ግን ስህተቱን የማይሰማ ሰው ካጋጠማችሁ መሰየምን ለጊዜው ተዉት። ሁለት ዕቃ ፊት ለፊቱ አስቀምጡና «ጀበናው የቱ ነው?» በሉት፤ ሲያመለክት ከሁለት ወደ ሦስት፣ ወደ አራት ጨምሩ።

የድምፅ ቁልፍ ያለው ሰሌዳ

ጎቶክ 9 ፕላስ የሚባለው የአሜሪካ ዕቃ ለአማርኛ ተናጋሪ ከተገዙ መሣሪያዎች ሁሉ የተሻለው ነው፤ ምክንያቱም ቋንቋ የለውም። ዘጠኝ ትልልቅ ቁልፎች አሉት፤ በእያንዳንዳቸው ላይ እናንተ ቃል ትቀዳላችሁ፣ ሥዕል ትለጥፋላችሁ፣ ሲጫን ይናገራል። አምስት ደረጃ ስላለው 45 መልእክት ይይዛል፤ በየደረጃው የማይቀያየሩ ተጨማሪ ሦስት ቁልፎችም አሉት። በተራ የእጅ ባትሪ ድንጋይ ይሠራል፣ ኢንተርኔት አይፈልግም። ጉዳቱ ደረጃ ስትቀይሩ የወረቀቱ ሥዕልም አብሮ መቀየር ስላለበት በተግባር ብዙ ቤት ከመጀመሪያው ደረጃ አይወጣም። ለዚያ ብቻ ከሆነ ደግሞ ዋጋው ይከብዳል።

ከገዛችሁ ሁለት ነገር አስተውሉ። አንደኛ፣ ለአባት የሴት ልጅ ድምፅ አትቅዱ፤ ወንድም ወይም ወንድ ልጅ ይቅዳለት፣ ድምፁ የሱን ይምሰል። ሁለተኛ፣ «ስጪኝ»፣ «ስጠኝ» የሚል አትቅዱ። ሴት ልጁ ስትመጣ አንድ፣ ወንድ ልጁ ሲመጣ ሌላ፣ ሐኪሙ ሲመጣ «ይስጡኝ» ሊያስፈልግ ነው። «ውሃ እፈልጋለሁ» ለማንም ይሆናል።

መግዛት ለማይችል ቤት አንድ ኤ4 ወረቀት ላይ አሥራ ሁለት ሣጥን ያለው የሥዕል ሰሌዳ ያንኑ ሥራ ከድምፁ በቀር ይሠራል። ሥዕል ካጣችሁ የቶሮንቶው አፌዢያ ኢንስቲትዩት ፓርቲሲፒክስ በሚል ስም ለዚሁ የተሳሉ ሥዕሎችን በነፃ አስቀምጧል። ውሃ፣ ምግብ፣ ሽንት ቤት፣ መድኃኒት፣ ሕመም፣ በረደኝ፣ ሞቀኝ፣ መተኛት፣ ስልክ ደውሉልኝ፣ ጸሎት፤ በቀሩት ሁለት ሣጥኖች ደግሞ «ሌላ ነገር ነው» እና «አልተግባባንም» ጻፉ። እነዚህ ሁለቱ ከሌሉ ሰውየው ያልፈለገውን ውሃ ሲቀበል ይውላል። ሰሌዳ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የሚቀረው ታማሚው ብቻ እንዲጠቀምበት ስለሚጠበቅ ነው፤ ቤተሰቡ ራሱ «ምግብ ቀርቧል» ሲል ጣቱን ምግቡ ላይ ካላሳረፈ ታማሚውም አይለምደውም።

«አዎ» እና «አይ» ላይ ተጠንቀቁ። ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን የምንላት አጭሯ «እ» ከስትሮክ በኋላም ብዙ ጊዜ ሳትጠፋ ትቀራለች። ቤተሰብ «እሺ አለ» ብሎ ይወስዳታል፤ እሱ ግን «እየሰማሁ ነው» ማለቱ ሊሆን ይችላል። ለቁም ነገር በአውራ ጣት ወደ ላይ ወደ ታች እንዲያሳይ አድርጉና ጥያቄውን ገልብጣችሁ ድገሙት፦ «ሻይ ነው የምትፈልገው?» ቀጥሎ «ቡና ነው የምትፈልገው?» ለሁለቱም ያው መልስ ከመጣ መልሱ አይያዝም። «አትፈልግም?» የሚል ጥያቄ ደግሞ ጨርሶ አትጠይቁ፤ «አዎ» ቢል ምን ማለቱ እንደሆነ ጤነኛ ሰው ላይም ያከራክራል።

የፊደል ገበታ

በየመንገዱ የሚሸጠው ገበታ 33 ፊደል በሰባት ቤት፣ በድምሩ 231 ሣጥን ነው። ለአፌዢያ ታማሚ ማመልከቻ አድርጎ መስጠት ስህተት ነው፤ ቃሉ የጠፋበት ሰው ፊደሉንም አያገኘውም፣ ብዛቱም ያደናግረዋል። «ሀ ሁ ሂ» አብሮ ለማለት ግን ጥሩ ነው፤ እንደ ቁጥርና እንደ ሰኞ ማክሰኞ፣ እንደ አባታችን ሆይ ሁሉ በልማድ የተያዘ ነገር ስለሆነ ሌላ ቃል የማይወጣለት ሰው እንኳ ሊለው ይችላል። ድምፅ ከአፉ ሲወጣ መስማቱ ልብ ይሰጣል። ጸሎቱን ስለደገመ ግን ንግግሩ ተመለሰ ማለት እንዳልሆነ እወቁ፤ ከዚያ ወጥቶ ከጸሎቱ አንዷን ቃል ለብቻዋ ማለት ሲጀምር ነው መንገዱ የተከፈተው።

ለዲስአርትሪያ ግን ገበታው ትንሽ ከተስተካከለ ዋጋ የማይተመንለት መሣሪያ ነው። የግዕዙን ረድፍ ብቻ ውሰዱ። ድምፃቸው የተደገሙትን ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ፣ ፀ አውጡ፤ 28 ይቀራል። ኤ4ን በጎኑ አስተኝታችሁ በሰባት አምድና በአራት መስመር አስቀምጧቸው፤ እያንዳንዱ ሣጥን አራት ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ስለሚኖረው እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰውም አይስተውም። ሰውየው እየተናገረ የእያንዳንዱን ቃል መጀመሪያ ፊደል ይነካል፤ «መድኃኒት» ሊል «መ»ን። አድማጩ መነሻውን ስላወቀ የቀረውን ይገምታል፤ ተናጋሪውም በየቃሉ ስለሚቆም ንግግሩ ይዘገያል፣ ይጠራልም።

ዜማና ምት

መናገር ያቃተው ሰው መዝፈን ወይም መዘመር ሲችል ማየት የተለመደ ነው። በዚህ ላይ ተመሥርቶ በ1973 እ.ኤ.አ. አልበርት፣ ስፓርክስና ሄልም የተባሉ የቦስተን ባለሙያዎች ያወጡት ዘዴ አለ። የሚስማማው የሚባለውን በደንብ ለሚረዳ፣ ንግግሩ ግን ቁርጥ ቁርጥ ለሚል ወይም ጨርሶ ለቆመ ሰው ነው። ምንም ግዢ አያስፈልገውም፤ ስልክ ላይ ነፃ ሜትሮኖም (እኩል ምት የሚመታ አፕ) ጭናችሁ በደቂቃ 60 ምት ላይ አድርጉት።

ፊት ለፊት ተቀመጡና ግራ እጁን ያዙ። «ደከመኝ» የሚለውን መጀመሪያ በአፍንጫ አዚሙት፣ በየምቱ እጁን ጠረጴዛው ላይ መታ እያደረጋችሁ፤ ሁለት የድምፅ ከፍታ ብቻ ይኑር፣ ዝቅና ከፍ። ከዚያ ቃሉን በዚያው ዜማ አብራችሁ በሉት። ከዚያ እናንተ መሀል ላይ ድምፃችሁን አጥፉና እሱ ይጨርሰው። ከዚያ እናንተ ብላችሁ እሱ ይድገም። በመጨረሻ «ምን ሆንክ?» ብላችሁ ጠይቁትና ይመልስ። በአንዱ ደረጃ ከተደናቀፈ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ተመለሱ።

አማርኛ ላይ የሚበላሸው ምቱ ነው። ሰው በፊደል ይመታል። «ደከመኝ» አራት ፊደል ነው፤ ሲነገር ግን ሦስት ምት ነው፦ ደ፣ ከ፣ መኝ። የመጨረሻዋ «ኝ» ሳድስ ናት፣ እዚህ ቦታ ላይም አናባቢ የላትም፤ ለብቻዋ ስትመታ ሌላ ቃል ይሆናል፣ ታማሚውም የማያውቀውን ድምፅ እንዲያወጣ ይገደዳል። «ራበኝ» ሁለት ምት ነው፤ ራ፣ በኝ። ከመጀመራችሁ በፊት እናንተው ጮክ ብላችሁ እያላችሁ ቁጠሩት። በሁለት ምት ጀምሩ፤ ወደ አራት የምትሸጋገሩት ሁለቱ ያለ ችግር ሲወጡ ነው።

በእጅ ያለው ስልክ

ከአፕ ሁሉ ይልቅ የስልኩ ካሜራ ይጠቅማል። ከአሥራ ሁለቱ ቃላት እያንዳንዱን የሚል የአፍ ቪዲዮ ቅዱ፤ ከአፍንጫ እስከ አገጭ ብቻ ይታይ፣ ብርሃኑ ከፊት ይምጣ፣ ቃሉ በዝግታ ሦስት ጊዜ ይባል። ታማሚው ቪዲዮውን እያየ አብሮ ይላል። አፍን እያዩ በአንድነት መናገር ንግግራቸው ቁርጥ ቁርጥ ለሚል ሰዎች በተለይ እንደሚረዳ በምርምር ታይቷል፤ ሰው ባይኖርም ብቻውን መለማመድ ይችላል። ውጭ ያለ ልጅ ታብሌት ከሚልክ የገዛ ስሙን የሚልባት የአምስት ሰከንድ ቪዲዮ በቴሌግራም ቢልክ ትልቅ አስተዋጽኦ ነው።

የጉግል ኪቦርድ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአማርኛ የተነገረውን ይጽፋል። ለልምምድ መመዘኛ ማድረግ ግን አንመክርም፤ የተጎላደፈ ድምፅ አሳስቶ ስለሚጽፍ ሰውየው በትክክል የተናገረውን ሁሉ ስህተት አድርጎ ያሳየዋል።

ገንዘብም ጊዜም የማይገባቸው

ፊኛ መንፋት፣ ምላስ ማውጣትና ማስገባት፣ ጉንጭ ማበጥ፣ ለዚሁ ተብለው የሚሸጡ የአፍ ማጠንከሪያ ዕቃዎች። ንግግር የሚሻለው በመናገር ነው፤ ለአፌዢያ ደግሞ ምላስ ማጠንከር የጠፋውን ቃል አያመጣም። ሃያ ደቂቃ ብቻ ያላት ልጅ አሥሩን በፊኛ አታጥፋ። ጠበል የሚወስዱ ቤተሰቦችም የደም ግፊት መድኃኒቱ በዚያ ሰሞን እንዳይቋረጥ አደራ፤ ዳግም ስትሮክ የስድስት ወር ልምምድን በአንድ ሌሊት ይወስዳል።

ጠያቂዎችም ሳይፈልጉ ይጎዳሉ። በራፍ ላይ «አወቅከኝ? እኔ ማን ነኝ?» ብሎ የሚገባ እንግዳ ታማሚውን በሰው ፊት ፈተና ላይ ያስቀምጠዋል፤ ስሙ ሳይመጣለት ሲቀር አንገቱን ይደፋል፣ ያን ቀን ሌላም ቃል አይወጣውም። እንግዳው ከመግባቱ በፊት በለሆሳስ ንገሩት፦ ስሙን ራሱ ይናገር፣ ቴሌቪዥኑ ይጥፋ፣ አንድ ሰው ብቻ በአንድ ጊዜ ያውራ።

ምን ያህል፣ እስከ መቼ

ጠዋት ሳይደክም 20 ደቂቃ፣ ከሰዓት በኋላ 20 ደቂቃ፣ በሳምንት አምስት ቀን። በአንድ ጊዜ ሁለት ሰዓት ማስጨነቅ ለቅሶና እምቢታ ያመጣል። ለሳምንታት ፊቱ የጠቆረ፣ ምግብ የተወ፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ሰነፍ ሳይሆን ከስትሮክ በኋላ የሚመጣ የመንፈስ ጭንቀት ሊኖርበት ስለሚችል ሐኪሙ ይወቀው፤ መድኃኒት አለው። «ስድስት ወር ካለፈ አይመለስም» የሚለው ወሬም እውነት አይደለም። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ የጀርመን ጥናት ስትሮክ ካገኛቸው ስድስት ወርና ከዚያ በላይ የሆናቸውን 158 ሰዎች ወስዶ፣ በሳምንት ቢያንስ አሥር ሰዓት፣ ለሦስት ሳምንት ቢያለማምድ ንግግራቸው በዕለት ተዕለት መግባባት ላይ ተሻሽሏል።

አሜሪካ ያላችሁ፣ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ ስላለበት ለንግግር ሕክምናው የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ። አስተርጓሚውን ግን አስቀድማችሁ አስጠንቅቁት፤ የተሰበረውን ዓረፍተ ነገር አስተካክሎ ከተረጎመ ቴራፒስቷ ስህተቱን አታየውም። ታማሚው «እኔ... ትናንት... መብላት» ካለ እሱም በእንግሊዝኛ እንደዚያው ሰባብሮ ይንገራት፤ ጀበና ለማለት ፈልጎ «ስኒ» ካለም አስተርጓሚው «ስኒ ነው ያለው» ይበል።

በየሳምንቱ ቅዳሜ አሥራ ሁለቱን ካርድ ያለ ምንም ፍንጭ አሳዩትና በደብተር ምልክት አድርጉ፦ በራሱ የመጣ፣ በፍንጭ የመጣ፣ ያልመጣ። ለሦስት ቅዳሜ ተከታትሎ በራሱ የመጣ ካርድ ከጥቅሉ ይውጣና ቃሉ ሥራ ይሰጠው፤ ጀበና ከሆነ ቡና ሲፈላ ጀበናውን ከፊቱ አርቁና እስኪጠይቅ ጠብቁ። በቦታው አዲስ ካርድ ይግባ። ሦስት ሳምንት ሙሉ በፍንጭም ያልመጣ ቃል ለአንድ ወር ይረፍ፤ ጥቅሉ ውስጥ ከቆየ የሚያስታውሰው ቃሉን ሳይሆን ያቃተው መሆኑን ነው።